ክሪክ ያነሳል፣ ታኮ ይይዛል

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርድ የጭነት መኪና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ወይም ከመሣሪያ ሣጥኑ ጥግ፣ ተወሽቆ የሚሄድ አንድ ብረት አለ። ቁመቱ ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው፤ ጎረምሳ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። አቧራና ዘይት ተጋግሮበት ቀለሙ ጠፍቷል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሳምንታት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የኋላ ጎማ የፈነዳ ዕለት ግን ሹፌሩም ረዳቱም የሚፈልጉት እሱን ነው፤ ክሪክን።

ክሪክ ሰው በጉልበቱ ሊያነቃንቀው የማይችለውን ሸክም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። እንደ ክሬን አንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ አይወስድም። ከሸክሙ ሥር ይገባል፣ ይገፋል፣ ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ሥራው ያበቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው እንጂ የተነሳውን ተሸክሞ ለመቆየት አይደለም። መሸከም የእንጨትና የብረት መቆሚያ ሥራ ነው፤ መኪናው እንዳይንከባለል መያዝ ደግሞ ከጎማ ሥር የሚሸጎጠው የታኮ ሥራ ነው። በክሪክ ምክንያት የሚደርስ ብዙ ጉዳት ማንሳትንና መሸከምን ከመቀላቀል የሚመጣ ነው።

መንገዱ

ይህን ለመረዳት ከሊማሊሞ መንገድ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጋቢ የማይወልቅባት የደጋ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ በወልቀፊት በኩል ምድሩ ድንገት ይቋረጥና መንገዱ የሊማሊሞን ገደል ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ድብ ባሕርን አልፎ ዛሪማ ሲደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል፤ እዚያ ጋቢ ቀርቶ ሸሚዝም ይከብዳል። ከዛሪማ ወዲያ በአዲ አርቃይና በማይ ጸብሪ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም ይዘልቃል።

በዚህ ገደል ላይ የመኪና መንገድ የቆረጠችው ጣሊያን ናት፤ በወረራዋ ዘመን። ከላይ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው ጦሯ ለወራት ተከቦ ቆይቶ እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነበር። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ። መጀመሪያ ትሬንታ ኳትሮ፣ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ኤንትሬ ፊያት፣ በኋላም አይሱዙና ሲኖትራክ ወጡበት ወረዱበት። ከደጋው ገብስና ነጭ ሽንኩርት ይወርዳል፤ ከቆላው ማሽላና ሰሊጥ ይወጣል። መኪናው ተለወጠ፣ ፒስታው አስፋልት ሆነ፤ ገደሉና ቁልቁለቱ ግን ያው ናቸው።

ቁልቁለት ለክሪክ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ነው እንበል። በዚህ ላይ የቆመ 10 ቶን የሚመዝን መኪናን ወደ ታች የሚስበው ኃይል 800 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሜዳ ላይ ይህ ኃይል የለም። ክሪክ ደግሞ የሚችለው ከላይ ቀጥ ብሎ የሚጫነውን ሸክም ብቻ ነው። ከጎን የሚመጣ ግፊት ትንሽም ቢሆን ያዘነብለዋል፤ አንዴ ካዘነበለ ደግሞ የተሸከመው ክብደት ራሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ክሪክ ከመትከል በፊት ያ 800 ኪሎ በሌላ ነገር መያዝ አለበት።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው በእጁ አምስት ቶን ሲያነሳ ጉልበቱ ከየትም አልተፈጠረም። ነገሩ እንደ ገበያ ልውውጥ ነው፤ ብዙ ርቀት ይሰጣል፣ ብዙ ኃይል ይቀበላል። የሰውየው እጅ ብዙ ሜትር ይመላለሳል፤ ሸክሙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ክሪኮች የሚለያዩት ይህን ልውውጥ በሚፈጽሙበት መንገድ ነው።

ቀደም ያለው በብሎን የሚሠራው ነው። ወፍራም ባለጥርስ ብሎን በአንድ ትልቅ ዳዶ ውስጥ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር የጥርሶቹን ርቀት ያህል ከፍ ይላል። ርቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ማዞሪያው ዘንግ ግማሽ ሜትር ቢረዝም፣ እጅ አንድ ዙር ሲጨርስ ከ3 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ሸክሙ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሳል። በሂሳብ ደረጃ ኃይሉ ከ300 ጊዜ በላይ ይበዛል፤ በተግባር ግን ብረት ከብረት ሲፋተግ ከግማሹ በላይ ይባክናል። ይህ ብክነት ኪሳራ ብቻ አይደለም። ብሎኑ በተጫነው ሸክም ተገፍቶ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያደርገው ያው ፍትጊያ ነው። ለዚህ ነው የብሎን ክሪክ እጅ ሲለቀው ባለበት የሚቆመው። በትናንሽ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ክሪክም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የጭነት መኪናው ግን በአብዛኛው የሚይዘው በዘይት የሚሠራውን፣ ሃይድሮሊክ የሚባለውን፣ ቅርጹ ጠርሙስ የሚመስለውን ነው። መሠረቱን የጣለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ጫናው በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚዳረስ አስረዳ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ደግሞ ሪቻርድ ደጅን ኒው ዮርክ ውስጥ በእጅ ተይዞ ለሚዞር የሃይድሮሊክ ክሪክ የፈጠራ ባለቤትነት አገኘ። ዛሬ ሊማሊሞ ላይ የሚሠራው ክሪክ ከዚያኛው በመርህ አይለይም።

የዚህን ክሪክ ሆድ ብንከፍት ሁለት ፒስተኖች እናገኛለን፤ አንዱ እንደ ጣት ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም። በዙሪያቸው የዘይት ማጠራቀሚያ አለ። ረዳቱ ዘንጉን ወደ ላይ ሲያነሳ ቀጭኑ ፒስተን ዘይት ይስባል፤ ወደ ታች ሲጫን ዘይቱን ወደ ወፍራሙ ሥር ይገፋል። በመካከል ያሉት ጥቃቅን ቫልቮች፣ ብዙ ጊዜ ተራ የብረት ኳሶች፣ ዘይቱ ወደፊት እንዲሄድ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የቀጭኑ ፒስተን ስፋት 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ የወፍራሙ 20 ቢሆን ኃይሉ 20 ጊዜ ይበዛል። ዘንጉ ራሱ በማንሻነቱ ሌላ 15 ጊዜ ያበዛል። ረዳቱ በ25 ኪሎ ኃይል ቢጫን 25 በ15፣ በ20 ሲባዛ 7,500 ኪሎ ይሆናል። ዋጋው ደግሞ ይኸውላችሁ። እጁ 30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ቀጭኑ ፒስተን 2 ሳንቲ ሜትር ሲገባ፣ ወፍራሙ የሚነሳው 1 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት መቶ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል ማለት ነው። የዛሪማ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ይህን መቶ የቆጠረ ረዳት የፓስካልን ሕግ በላቡ ያውቀዋል።

የሚወርደውም በዚያው መንገድ ነው። ከታች ያለችው የማውረጃ ብሎን ስትላላ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ሸክሙ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። በሩብ ዙር ከላላች ቀስ ይላል፤ በአንዴ ከተከፈተች ይወድቃል። ይህ ሁሉ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። በዘይት ክሪክ ላይ የቆመ መኪና በአንዲት ኳስ፣ በአንዲት ብሎንና ዘይቱ እንዳያልፍ በሚያሽግ አንድ ጎሚኒ ላይ ቆሟል። ከሦስቱ አንዱ ሲያፈስ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ እንኳ የለም።

ኩርባው ላይ ጎማ ሲቀየር

የኋላ ጎማ ሊማሊሞ ኩርባ ላይ ፈነዳ እንበል። ልምድ ያለው ሹፌር እዚያው አይቆምም። ጎማው ቢበላሽም ቀስ ብሎ ትንሽ ሜዳ ወደሚልበት፣ ከኩርባው አለፍ ብሎ ከሩቅ ወደሚታይበት ያስጠጋል። መሪውን ወደ ተራራው ወገን ያዞራል፤ መኪናው ቢንሸራተት እንኳ ግንቡን እንጂ ገደሉን እንዳያገኝ። ከመቆሙ በፊት ረዳቱ ታኮ ይዞ ወርዷል። "ያዝ! ታኮ!" የሚለው ጩኸት በዚህ መንገድ ላይ ከጥሩንባ ቀጥሎ የሚሰማ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። "የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሽም አስገብቻለሁ፣ ምን ይሆናል?" የሚል አለ። በብዙ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ራሳቸውን አይደለም፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ማርሽም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ነው። ከዘንጉና ከጎማዎቹ መካከል ደግሞ ዲፈረንሻል አለ። ዲፈረንሻል ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ጥርስ ነው፤ ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ያለ እሱ አይሆንም። ዘንጉ ተይዞ ሳለ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ግን ይኸው ጥርስ ይከዳል። አየር ላይ ያለው ጎማ በነፃ ወደ ኋላ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ይዞራል፣ መኪናው ይሄዳል። ፍሬኑ አልተበላሸም፤ ማርሹም አልወጣም። ክሪኩ ጎማውን ከመሬት ባነሳባት ቅጽበት ሁለቱም ዋጋቸውን አጡ። ያን ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ታኮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ታኮ የሚገባው ከማይነሱት ጎማዎች ሥር ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ከቆመ ከፊት ጎማዎች ፊት፣ በግራም በቀኝም፤ ወደ ላይ አድርጎ ከቆመ ከኋላቸው። ጎማው በክሪኩ መነሳት ትንሽ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል በሌላውም ወገን አንድ ማስገባት አይከፋም። ታኮው ከጎማው ጋር ተጣብቆ በመዶሻ ወይም በእግር የተመታ መሆን አለበት። ክፍተት ካለው መኪናው ፍጥነት ይዞ ይመታውና ይዘለዋል።

ቀጥሎ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ገና ጎማው መሬት ሳለ። ጎማው ከተነሳ በኋላ የጠበቀ ዳዶ ለመፍታት በመፍቻው ላይ መንጠልጠል መኪናውን ከክሪኩ ላይ መግፋት ነው። መጀመሪያ ግማሽ ዙር ያህል ማላላት ይበቃል። በአንዳንድ አሮጌ የጭነት መኪኖች ላይ የግራ ጎን ዳዶዎች ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ይህን የማያውቅ አዲስ ረዳት እየፈታሁ ነው ብሎ የባሰ ሲያጠብቅ ይውላል።

ክሪኩ የሚተከለው ከአክስሉ ሥር፣ ለባሌስትራው ቀረብ ብሎ ነው። ከሻንሲው ሥር ቢተከል መጀመሪያ ባሌስትራው ተለጥጦ እስኪያልቅ ድረስ ጎማው አይነቃነቅም፤ የክሪኩ ቁመት በከንቱ ያልቃል። አናቱ ላይ የምትዞር ብሎን ያለው ክሪክ ከሆነ ከመግፋት በፊት በእጅ ዞራ አክስሉን እንድትነካ ይደረጋል። ከዚያ ነው መቶው ቆጠራ የሚጀመረው። ተሳፋሪ ካለ ይወርዳል። ከመኪናው ሥር ማንም አይገባም፤ እጅም ቢሆን።

በዚህ መካከል ጥንቁቅ ረዳት አንድ ነገር ይጨምራል። ስኮርታውን፣ ማለት ተቀያሪውን ጎማ፣ አስተኝቶ ከሻንሲው ሥር ያስገባዋል። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው በጎማው ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም። የፈነዳው ጎማ ሲወጣ በስኮርታው ቦታ ከሻንሲው ሥር ይገባል፤ ስኮርታውም ወጥቶ ይታሰራል። ዳዶዎቹ ጎማው አየር ላይ ሳለ ተራ በተራ፣ ማዶ ለማዶ፣ ቸርኬው እስኪቀመጥ ብቻ ይጠብቃሉ። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከተሄደ በኋላም አንዴ መድገም ልማድ ሳይሆን ግድ ነው፤ አዲስ የታሰረ ቸርኬ በጭነት ሲቀመጥ ዳዶ ይላላል።

የኋላው ድርብ ጎማ ሆኖ የፈነዳው የውስጡ ወይም የውጩ አንዱ ብቻ ሲሆን ሌላ ብልሃት አለ። ደህነኛው ጎማ በወፍራም ሳንቃ ላይ ይወጣና የተነፈሰው አየር ላይ ይቀራል። መኪናው በራሱ ሞተር ተነሳ ማለት ነው። የውስጡን ለማውጣት ግን የውጩም መውለቅ ስላለበት ክሪክ አይቀርም።

መሬቱና እንጨቱ

ክሪክ ወደ ላይ በሚገፋው ልክ ወደ ታችም ይገፋል። ይህ ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። መቀመጫው 12 ሳንቲ ሜትር በ12 የሆነ ክሪክ 5 ቶን ሲያነሳ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 35 ኪሎ ያህል ያርፋል። ክረምት የደባርቅ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠግብ የዚህን ኢምንት ክፍል እንኳ አይችልም፤ ክሪኩ እንደ ችካል ይሰምጣል። ቆላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የቀትር ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት የክሪኩን አንድ ጠርዝ ይውጥና ያዘነብለዋል።

መድኃኒቱ ሳንቃ ነው። ያንኑ 5 ቶን 40 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወፍራም ሳንቃ ላይ ብናሳርፈው ጫናው በካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል። ሳንቃው ግን ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭኑ መካከሉ ይጎብጥና ጠርዙ ሥራ ይፈታል። ሁለት ሳንቃ ቢደራረብ የአንዱ መስመር ከሌላው ጋር ተመሳቅሎ ይቀመጥ፤ እንጨት የሚሰነጠቀው በመስመሩ ነውና። ደባርቅ ዙሪያ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወይራ የተገኘ እንደሆነ እሱ ይመረጣል።

መንገድ ዳር ድንጋይ ሞልቶ ሳለ እንጨት ይዞ መዞር ለምን? የሰሜን ተራራ ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ችግሩም ጥንካሬው ነው። ከክሪኩ ብረት ጋር የሚገናኘው በአንዲት ጉብታ ብቻ ነው፤ ጫናው ሁሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ሲሰበር ሳይታሰብ በአንዴ ይሰበራል። ብረት በድንጋይ ላይ፣ ብረትም በብረት ላይ ይንሸራተታል። እንጨት ግን ትንሽ ይደፈጠጥና ብረቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሊሰበር ሲልም አስቀድሞ ይንቋቋል። ያ ድምፅ ለረዳቱ ሸሸት የሚልበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ክሪክ ሲታመም

የክሪክ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዘይት ማነስ ነው። ክሪኩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና ቢጭኑትም አይጨምርም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አልቋልና። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ በጎን ባለችው የጎማ ክዳን በኩል ይሞላል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት የፍሬን ዘይት መጨመር ነው። የፍሬን ዘይት ለሌላ ዓይነት ጎሚኒ የተሠራ በመሆኑ የክሪኩን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ክሪኩ ለጊዜው ይሠራና ዘይቱን መትፋት ይጀምራል። የሚገባው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

ሁለተኛው አየር ነው። በመንገድ ሲንከባለል፣ ተኝቶ ሲከርም አየር ወደ ፓምፑ ይገባል። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ ክሪኩ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ሸክሙ ከፍ ዝቅ ይላል። የማውረጃዋን ብሎን ከፍቶ፣ ሸክም ሳይኖር ዘንጉን ብዙ ጊዜ ማመላለስ አየሩን ወደ ማጠራቀሚያው ያስወጣዋል። ክሪክ ቆሞ ይቀመጥ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ያረጀ ጎሚኒ ወይም የቆሸሸ ቫልቭ ነው። ይኸኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ክሪኩ ያነሳል፣ ከዚያ ማንም ሳያየው ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከኳሱ ሥር ከገባች ለዚህ ትበቃለች። በሽታ ያልሆነ፣ ግን በሽታ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ። ደባርቅ በሌሊት ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይወፍራል፤ ዘንጉ ይከብዳል፣ ሸክሙም ለመውረድ ያመነታል። ያን ጊዜ የማውረጃዋን ብሎን አብዝቶ መክፈት አያስፈልግም፤ መታገሥ ይበቃል።

በክሪኩ ላይ የተጻፈው ቶን ደግሞ ወሰን ነው እንጂ ምክር አይደለም። ጎማ ለመቀየር የሚነሳው መኪናው በሙሉ ሳይሆን አንዱ ማዕዘን ነው። የኋላ አክስሉ 7 ቶን የተሸከመ መኪና በአንድ ወገን ሲነሳ ክሪኩ ላይ የሚመጣው ወደ 4 ቶን ነው። ለዚህ 5 ቶን ክሪክ በወረቀት ይበቃል፤ ጭነቱ ከልኩ ያለፈ፣ መንገዱም ያዘነበለ ሲሆን ግን 10 ቶኑን የያዘ ሹፌር እንቅልፉን ይተኛል።

ከመኪና በላይ

ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ አይደለም። የተሰነጠቀ ቤት ደገፍ ለማድረግ፣ የወፍጮ ሞተር በመሠረቱ ላይ ለማስተካከል፣ የሰጠመ ትራክተር ለማውጣት ይጠራል። ከዚህ ከፍ ሲል ድልድይ ነው።

ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ በአገራችንም በሌላውም ዓለም ለጊዜው የሚዘረጋው የብረት ድልድይ፣ ቤይሊ የሚባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ የተነደፈ ነው። 3 ሜትር ያህል የሚረዝሙ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 260 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ስድስት ሰው የሚሸከማቸው የብረት ፍርግርጎች እየተገጣጠሙ በተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ወደ ማዶ ይገፋሉ። ማዶ ሲደርስ ድልድዩ ገና በተሽከርካሪዎቹ ላይ ነው። ያን ጊዜ ክሪኮች በየጫፉ ይገባሉ፤ ድልድዩን አንስተው ተሽከርካሪዎቹን ያስወጣሉ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ መቀመጫው ያወርዱታል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሥር እንጨት ይደረደራል፤ ክሪክ ቢከዳ ድልድዩ የሚወድቀው የአንድ እንጨት ውፍረት ብቻ እንዲሆን።

በዓባይ በረሃ ላይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይም የክሪክ ውለታ አለበት። ድልድዩን የሚይዙት ገመዶች ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ገመዶች የሚወጠሩት በሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። እዚህ ክሪኩ አያነሳም፣ ይስባል እንጂ፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። ስቦ ሲጨርስ ገመዱ በመቆለፊያ ተይዞ ይቀራል፣ ክሪኩ ተፈትቶ ይሄዳል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ማሳያ ግን በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ነው። ከተማዋ ረግረግ ላይ ስለተቆረቆረች የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት ሕንፃዎቿን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባት። እ.ኤ.አ. በ1860 ሌክ በሚባለው ጎዳና ላይ 100 ሜትር የሚጠጋ ተከታታይ የሕንፃ መደዳ፣ 35,000 ቶን ተብሎ የተገመተ፣ በ6,000 የብሎን ክሪኮች ወደ 1.4 ሜትር ከፍ ተደረገ። 600 ሰዎች ነበሩበት፤ ለአንድ ሰው አሥር ክሪክ ደረሰው ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ምልክት እኩል ያዞራሉ፤ አንዱ ቀድሞ ቢያዞር ግድግዳው ይሰነጠቃልና። ከላይ ሱቆቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። ሕንፃዎቹ ከተነሱ በኋላ ከሥራቸው አዲስ መሠረት ተገነባ፣ ክሪኮቹም ወጡ። በ6,000 ክሪክ ይሁን በአንድ፣ ሥርዓቱ ሊማሊሞ ላይ ካለው ረዳት የተለየ አይደለም፦ ማንሳት፣ ከሥር መደገፍ፣ ክሪኩን ማውጣት።

ከመውረድ በፊትና በኋላ

ይህን ሁሉ ያወቀ ሹፌር ክሪኩን የሚፈትነው ደባርቅ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ቀን፣ መኪናው ሳይጎዳ። አንድ ማዕዘን አንስቶ፣ ከሥር ደግፎ፣ ሻይ እስኪጠጣ ይተወዋል። ተመልሶ ሲያየው ዝቅ ካለ ያ ክሪክ ወደ ሊማሊሞ አይወርድም፤ ጎሚኒው ይቀየር ወይም ሌላ ይገዛ። ከሥሩ የዘይት እርጥበት ካለ ያው ነው። ሁለት ታኮ፣ ሁለት ሳንቃ፣ የመፍቻው ማስረዘሚያ ቧንቧና የስኮርታው ንፋስ አብረው ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ስኮርታው ከሻንሲው ሥር ተሰቅሎ እያለ ንፋሱ እንዳለቀ የሚታወቀው ከተፈለገ በኋላ ነው።

ሌላም የቀረ ሥራ አለ፤ ሥራው አልቋል ሲባል የሚረሳ። ታኮ ላልያዘ መኪና ድንጋይ እንደ ታኮ ይገባለታል፤ ከኩርባው ወዲያም ለማስጠንቀቂያ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል። ጎማው ተቀይሮ፣ ክሪኩ ሣጥን ገብቶ፣ መኪናው ሲነሳ ድንጋዮቹ አስፋልቱ ላይ ይቀራሉ። በሌሊት ኩርባውን ዞሮ የሚመጣ ሌላ ሹፌር በመብራቱ የሚያያቸው ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ሲያጥረው ነው። ቁልቁል ከሆነ ሸሽቶ የሚሄድበት አንዱ ወገን ግንብ ነው፣ ሌላው ገደል። ስለዚህ የረዳት ሥራ የሚያልቀው ዳዶው ሲጠብቅ አይደለም፤ መኪናው ከድንጋዮቹ ላይ ከወረደ በኋላ ተመልሶ አንድ በአንድ ከመንገዱ አውጥቶ ከጥጉ ሲጥላቸው ነው። ሹፌሩም ቢቸኩል "ድንጋዩን አነሳህ?" ብሎ ሳይጠይቅ ማርሽ አያስገባ።